ሁጎ በቤታችሁ፦ የሆሉንደር አበባ ከመልቀም እስከ ብርጭቆው ድረስ

በጀርመን፣ በኦስትሪያና በሰሜን ጣሊያን ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ባለው ጊዜ በየመንደሩ ዳር፣ በባቡር ሐዲድ ግራና ቀኝ፣ በየአጥሩ ሥር ነጭ አበባ በዘለላ የሚያወጣ ቁጥቋጦ ይታያል። ጀርመኖች ሆሉንደር፣ ጣሊያኖች ሳምቡኮ ይሉታል። የዚህ አበባ ሽሮፕ ፕሮሴኮ ከሚባለው አረፋ ያለው የጣሊያን ነጭ ወይን፣ ከጋዝ ውሃ፣ ከናናና ከሎሚ ጋር ሲገናኝ ሁጎ የሚባለው ኮክቴል ይሆናል። ሁጎ ዕድሜው አጭር ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. በሰሜን ጣሊያን፣ በደቡብ ቲሮል፣ ናቱርንስ በምትባል ትንሽ ከተማ ሮላንድ ግሩበር የተባለ የመጠጥ ቀማሚ ነው የፈጠረው። መጀመሪያ የገባበት ሽሮፕ ሎሚ ሎሚ ከሚሸተው ከሜሊሳ ቅጠል የተሠራ ነበር፤ ቆይቶ ግን በየቦታው በቀላሉ የሚገኘው የሆሉንደር አበባ ቦታውን ወሰደ።

መቀላቀሉ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ጥንቃቄ የሚፈልገው መዓዛው ነው። የሆሉንደር ሽታ በአብዛኛው ያለው በቢጫው የአበባ ዱቄት ላይ ሲሆን ዝናብ ያጥበዋል፣ እሳት ያባርረዋል፣ አበባው ሲያረጅ ደግሞ ወደ መጥፎ ሽታ ይለወጣል። ከዚህ በታች «አትጠቡት»፣ «አታፍሉት» የሚሉ ምክሮች የሚደጋገሙት ያንን ዱቄት ለማዳን ነው።

አበባውን መለየት

ይህን ክፍል ሳታነቡ ወደ ሜዳ አትውጡ። ትክክለኛው ሆሉንደር እንጨት ነው፦ ግንዱ ግራጫ፣ ቅርፊቱ ሻካራና የተሰነጣጠቀ፣ ቁመቱም ከሰው በላይ ነው። በአንድ ዘንግ ላይ አምስት ወይም ሰባት ቅጠሎች ይኖራሉ፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ይቆሙና ጫፉ ላይ አንድ ብቻውን ይወጣል። የቅጠሉ ጠርዝ ጥርስ ጥርስ አለው። አበባዎቹ ጥቃቅንና ወደ ክሬም ያደላ ነጭ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አምስት ቅጠል ሲኖራቸው መሐላቸው ቢጫ ነው። ዘለላው ከላይ ጠፍጠፍ ያለና የእጅ መዳፍ የሚያክል ነው።

ከእሱ ጋር የሚያምታታ አንድ ዘመዱ አለ። አጭር ሆሉንደር ወይም በጀርመንኛ አቲሽ የሚባለው መርዛማ ነው። እንጨት የለውም፣ በየዓመቱ ከመሬት በአረንጓዴ አገዳ ይበቅላል፣ ብዙውን ጊዜ ከሰው ቁመት አያልፍም። የአበባው መሐል ቢጫ ሳይሆን ወደ ሐምራዊ ያደላ ነው፤ ቅጠሉን ስታሹት ሽታው ይከብዳል። ከዚህ የባሱት ግን የካሮት ወገን የሆኑት፣ ነጭ አበባቸውን እንደ ጃንጥላ የሚዘረጉት ዕፅዋት ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሄምሎክ ሲሆን የሚገድል መርዝ አለው። አገዳው ውስጡ ባዶ ነው፣ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለው፣ ቅጠሉም በጣም የተበጣጠሰ ነው። ሁለቱንም የሚያስጥል አንድ ደንብ አለ፦ አበባው ከእንጨት ቅርንጫፍ ላይ ካልወጣ አትንኩት።

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ ያላችሁ ደግሞ የአሜሪካውን ሆሉንደር ታገኛላችሁ። የሚያብበው ጁን አካባቢ ነው፤ አበባው ለሽሮፕ በዚያው መንገድ ይሠራል። እዚያ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ረግረግና የወንዝ ዳር ላይ ነው፤ የውሃ ሄምሎክ የሚባለው ገዳይ ተክል የሚበቅለው ከእሱ ጎን ለጎን ነውና። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ተክሉን የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትልቀሙ፤ ወይም ደረቁን አበባ ግዙ፤ አሠራሩ ወደ መጨረሻው ተጽፏል።

የትክክለኛው ሆሉንደር ቅጠል፣ አገዳና ያልበሰለ ፍሬም ቢሆን ወደ ሆድ ሲገባ ሳያናይድ የሚያወጣ ንጥረ ነገር አለው፤ ማስመለስና ተቅማጥ ያስከትላል። ስለዚህ የምንፈልገው አበባውን ብቻ ነው።

መልቀም

ሁለት ቀን ያህል ዝናብ ሳይጥል ቆይቶ ፀሐይ በወጣችበት ዕለት፣ ጤዛው ከደረቀ በኋላ ረፋድ ላይ ውጡ። አብዛኛው አበባ የተከፈተበትን ዘለላ ምረጡ፤ ጫፍ ላይ ጥቂት እምቡጥ ቢኖር ምንም አይደለም። ጣታችሁን በላዩ ስታሳልፉ ቢጫ ዱቄት ካልነካችሁ ዝናብ አጥቦታል ማለት ነው፤ እለፉት። መሐሉ ቡናማ መሆን የጀመረውንም እለፉት፤ ያረጀ የሆሉንደር አበባ የድመት ሽንት ይሸታል፣ ሁለት ሦስቱ ብቻ ሙሉውን ድስት ያበላሻሉ። ከመቁረጣችሁ በፊት እያንዳንዱን ዘለላ አሽትቱ፤ የሙስካት ወይንና የሎሚ ጠረን ከሰጣችሁ ቁረጡት።

መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳርና መድኃኒት ከሚረጭ እርሻ አጠገብ አይለቀምም። ጀርመን ውስጥ ሕጉ ለራስ ፍጆታ የሚሆን ጥቂት መልቀምን ይፈቅዳል፤ በተከለሉ የተፈጥሮ ሥፍራዎች ግን አይፈቀድም፣ የሰው ግቢ ከሆነም ባለቤቱን ማስፈቀድ ይገባል። ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ ሁሉንም አትጨርሱ፤ በመከር ፍሬው የወፎች ምግብ ነው።

የለቀማችሁትን በወረቀት ከረጢት ወይም በቅርጫት ያዙ። ፌስታል ውስጥ ያልባቸዋል፣ ባላባቸው በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራሉ። ቤት ስትደርሱ ነጭ ጨርቅ ላይ በጥላ ዘርጓቸውና ግማሽ ሰዓት ተዉዋቸው፤ ጥቃቅኖቹ ነፍሳት ራሳቸው ይወጣሉ። የቀሩትን ቀስ ብላችሁ አራግፉ። ውሃ አይነካቸውም። ከዚያ ዘለላውን ገልብጣችሁ ወፍራሙን አረንጓዴ ዘንግ በመቀስ ቁረጡ። አበባው የተያያዘበት ክር የሚያህለው ቀጭን ጭራ ቢቀር ችግር የለም፤ ወፍራሙ ከገባ ግን ሽሮፑ ሣር ሣር ይላል፣ ከላይ የተባለውም መርዝ ያለው እዚያ ነው።

ሽሮፑ

ለ2.2 ሊትር ያህል ሽሮፕ የሚያስፈልገው፦

25 ትልልቅ የአበባ ዘለላ
1.5 ሊትር ውሃ
1.5 ኪሎ ነጭ ስኳር
3 ትልልቅ ቢጫ ሎሚ፣ ልጣጩ በሰም ያልተቀባ
50 ግራም ለምግብ የሚሆን ሲትሪክ አሲድ

ሲትሪክ አሲዱን ስትገዙ ተጠንቀቁ፤ የቡና ማፍያ ማሽን ዝቃጭ ለማስለቀቅ የሚሸጠውም በዚሁ ስም ነው፣ ማሸጊያው ላይ ለምግብ እንደሚሆን የተጻፈበትን ብቻ ውሰዱ። ሥራው ሁለት ነው፤ ጣፋጩን ያስተካክላል፣ ሻጋታና ባክቴሪያም እንዳይመቻቸው ያደርጋል። አንዳንዱ ሰው «ሎሚ በዝቶ ይግባና አሲዱ ይቅር» ይላል። ይቻላል፣ ግን ያ ሽሮፕ ከሁለት ሳምንት በላይ አያስተማምንም።

ማር የለመደ ቤት በስኳር ፋንታ ማር ማሰቡ አይቀርም። አይመከርም። ማር የራሱ ጠንካራ ሽታ ስላለው የአበባውን ይውጠዋል። ቡናማ ስኳርም እንዲሁ ነው።

ውሃውንና ስኳሩን ድስት ውስጥ አሙቁ፣ ስኳሩ ሟምቶ ውሃው ጥርት እስኪል ብቻ። ከእሳት አውርዱና ሲትሪክ አሲዱን ጨምራችሁ አሟሙት። አሁን ትዕግሥት ያስፈልጋል፦ ጣት ስታስገቡበት ለብ ያለ እስኪሆን፣ ወደ 35 ወይም 40 ዲግሪ እስኪወርድ ጠብቁ። ለዚህ መጠን አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። የሚፈላ ስኳር ውሃ አበባው ላይ ከደፋችሁ ወዲያው ኩሽናው በሙሉ ያውዳል፤ ቤቱን ያወደው መዓዛ እንግዲህ ወደ ጠርሙሱ አይመለስም። የቀረው የተቀቀለ አበባ ጣዕም ይኖረዋል።

ውሃው ሲበርድ ሎሚዎቹን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ የሁለቱን ቢጫ ልጣጭ በስሱ ላጡ፣ ከዚያ ሦስቱንም በክብ በክቡ ቁረጡ። ነጩ የልጣጭ ሥጋ መራራ ነው፣ በተቻለ መጠን ልጣጩ ላይ አታስቀሩት። አበባውን፣ ልጣጩንና የተቆረጠውን ሎሚ በመስታወት ወይም በሸክላ ዕቃ አድርጉና ስኳር ውሃውን አፍስሱበት። አሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ አሲዱ ይበላዋል። አበባው ወደ ላይ እንዳይንሳፈፍ ንጹሕ ሳህን ጫኑበት። አየር ላይ የቀረ አበባ ቡናማ ይሆናል፣ ሻጋታም የሚጀምረው ከዚያ ነው።

በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አስቀምጡት፤ ቤታችሁ ከ22 ዲግሪ በላይ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይሁን። ጠዋትና ማታ በንጹሕ ማንኪያ አንዴ አገላብጡት። በ24 ሰዓት ቅመሱ። ሽታው ደርሶ ከሆነ እዚያው ይብቃ። ፍሪጅ ውስጥ ከሆነ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ከዚያ በላይ መዓዛው አይጨምርም፣ ምሬቱ ነው የሚወጣው።

ማጥለሉ ላይ አትቸኩሉ። መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በፈላ ውሃ ባለፈ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ ጨርቅ አጥልሉት። አበባውን አትጭመቁት፣ ራሱ ተንጠባጥቦ ይውረድ። የወጣው ሽሮፕ ቀለሙ የገለባ ቢጫ ሲሆን ትንሽ ደፍረስ ይላል፤ ድፍርሱ የአበባው ዱቄት ስለሆነ አታጥፉት።

ማቆየት

ጠርሙሶቹን እጠቡና በ110 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ 15 ደቂቃ አቆዩ፤ ሲበርዱ ሙሉ። ፍሪጅ ውስጥ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከዚያ በላይ ለማቆየት የሚሻለው ፍሪዘር ነው። ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ክፍት ቦታ ትታችሁ አስገቡት። ስኳሩ ብዙ ስለሆነ እንደ ውሃ አይጠነክርም፣ ለስለስ ብሎ በማንኪያ ይወጣል፤ ይህ የብልሽት ምልክት አይደለም። ብዙ ሰዎች ለማቆየት ወደ 80 ዲግሪ አሙቀው በትኩሱ ይሞላሉ። በእርግጥ ይቆያል፣ ግን ከመዓዛው ይጎድላል፤ ፍሪዘር ያለው ሰው ለዚህ ምክንያት የለውም።

አበባው ላይ የዱር እርሾ አለ። ስኳሩን ከተጻፈው ያሳነሰ ወይም ጠርሙሱን ከፍሪጅ ውጪ የተወ ሰው ሽሮፑን እንደ ሰነበተ ብርዝ ሲፈላ ያገኘዋል። ክዳኑ ጥብቅ ከሆነ ጠርሙሱ ሊፈነዳ ይችላል። ጥቃቅን አረፋ ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ አላሉና ወደ ፍሪጅ መልሱት፤ ሽታው ካልተለወጠ በሁለት ሦስት ቀን ጨርሱት። ላዩ ላይ ሻጋታ ከታየ ግን ገፎ መጠጣት የለም፣ ሙሉውን ድፉት።

ፕሮሴኮው፣ ውሃው፣ በረዶው

ፕሮሴኮ በሰሜን ምሥራቅ ጣሊያን፣ በቬኔቶና በፍሪዩሊ ቬኔዚያ ጁሊያ፣ በዋናነት ግሌራ ከሚባል ወይን ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛው የስኳሩ ነው፦ ብሩት የሚለው በሊትር እስከ 12 ግራም፣ ኤክስትራ ድራይ የሚለው ከ12 እስከ 17፣ ድራይ የሚለው ደግሞ ከ17 እስከ 32 ግራም ስኳር አለው። ስሙ ያሳስታል፤ ድራይ የተባለው ከሦስቱ ይበልጥ ይጣፍጣል። ሽሮፑ ራሱ ስኳር ስለሆነ ለሁጎ ብሩት ግዙ። ሁለተኛው የአረፋው ነው፦ ስፑማንቴ የሚለው ግፊቱ ጠንካራ ነው፣ ፍሪዛንቴ የሚለው ደካማ። ስፑማንቴውን ውሰዱ፤ በረዶና ሽሮፕ ሲነካው ጋዙ ስለሚቀንስ ደካማው ብርጭቆው ሳያልቅ ይሞታል። ውድ መሆን አያስፈልገውም። ስስ ጣዕም ያለው ውድ ወይን ሽሮፕ ውስጥ መክተት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጠርሙሱ ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይቆይ። ሞቅ ያለ ፕሮሴኮ በረዶ ሲነካ ይገነፍላል፣ በረዶውም ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ያቀጥነዋል። ስትከፍቱ ቡሹን በአንድ እጅ አጥብቃችሁ ይዛችሁ የምታዞሩት ጠርሙሱን ነው። ድምፁ ተንፈስ የሚል ብቻ ከሆነ ጋዙ ውስጥ ቀርቷል።

ውሃው ጋዙ ጠንካራ፣ ጨውና ማዕድኑ ግን ትንሽ ይሁን። በረዶው ትልልቅ ይሁን፤ ደቃቃ በረዶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ውሃ ይሆናል። ከዓሣና ከሥጋ ጋር ፍሪዘር ውስጥ የሰነበተ በረዶ ሽታ ይዞ ይመጣል፣ ለዚህ መጠጥ አዲስ ሥሩ።

መቀላቀል

ለአንድ ብርጭቆ፦ 25 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ 120 ሚሊ ሊትር ብሩት ፕሮሴኮ፣ 40 ሚሊ ሊትር ጋዝ ያለው ውሃ፣ ከ6 እስከ 8 የናና ቅጠል፣ ሁለት ስስ ክብ አረንጓዴ ሎሚ። መለኪያ ከሌላችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ 15፣ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሽሮፑ እንግዲህ አንድ የሾርባና ሁለት የሻይ ማንኪያ ይሆናል።

400 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ባለእግር የወይን ብርጭቆ ውሰዱ። ናናውን በአንድ መዳፍ ላይ አድርጋችሁ በሌላው አንዴ ጨብ አድርጉት፣ ሽታው ይነሣል፤ ብርጭቆው ውስጥ ጣሉት። በሙቀጫ ወይም በማንኪያ አትደቁሱት፤ የተቀጠቀጠ ናና አረንጓዴና መራራ ውሃ ያወጣል፣ ብጥስጣሹም ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሽሮፑን ጨምሩ። ከውሃው ላይ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ አፍስሱና ከሽሮፑ ጋር በደንብ አማስሉ።

ይህ የመጨረሻው እርምጃ በብዙ አሠራር ውስጥ የለም፣ ለውጡ ግን ብርጭቆው ላይ ይታያል። ሽሮፕ ከባድ ስለሆነ ሥር ይተኛል። ሁሉም ከተቀዳ በኋላ እሱን ለማንሣት በኃይል ስታማስሉ የምታጠፉት ጋዙን ነው። አስቀድሞ በጥቂት ውሃ ከቀጠነ ግን ፕሮሴኮው ሲወርድበት ራሱ ይቀላቀላል።

አሁን ብርጭቆውን እስከ አፉ በበረዶ ሙሉ። በረዶ በዛ ማለት መጠጡ ቀጠነ ማለት አይደለም፤ ሲበዛ ሁሉም እርስ በርሱ ተቀዛቅዞ ቀስ ብሎ ይቀልጣል። ፕሮሴኮውን ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ በጠርዙ በኩል ሁለት ጊዜ ቆም እያላችሁ ቅዱ፣ የቀረውን ውሃ ጨምሩ። ረጅም ማንኪያ እስከ ታች አስገብታችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። ሎሚውን በብርጭቆው ግድግዳና በበረዶው መሐል ሸጉጡት። አይጨመቅም፤ ሽሮፑ ውስጥ በቂ አሲድ አለ።

አንድ የ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ስድስት ብርጭቆ ያወጣል። ለእንግዳ ስትሠሩ ናናውን፣ ሽሮፑንና የመጀመሪያውን ውሃ በስድስቱም ብርጭቆ አዘጋጁ፤ በረዶና ፕሮሴኮ እንግዳው ሲቀመጥ ይቀዳል። በጆግ ቀድሞ የተቀላቀለ ሁጎ በሩብ ሰዓት ይሞታል። ፕሮሴኮው 11 በመቶ ከሆነ እያንዳንዱ ብርጭቆ ወደ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። ጣፋጭ ስለሆነ አይታወቅም፤ መኪና የሚነዳ እንግዳ ካለ ቀድማችሁ ንገሩት።

የገበያ ሽሮፕ የምትጠቀሙ ከሆነ ብዙው ከዚህኛው ይጣፍጣል፤ በ20 ሚሊ ሊትር ጀምሩና የሩብ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ሳን ዠርማን የሚባለው የሆሉንደር ሊኬር ሌላ ነገር ነው፤ 20 በመቶ አልኮል አለው። 30 ሚሊ ሊትር ካደረጋችሁ መጠጡ በግማሽ ያህል ይጠነክራል።

መጠጡ ሲቀመስ ችግር ካለው

በጣም ጣፈጠ ካላችሁ ውሃ ከማብዛታችሁ በፊት የፕሮሴኮውን ስም እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ኤክስትራ ድራይ ወይም ድራይ መግዛት ነው። መጠጡ ከመረረ ጣፋጩን ማስተካከል ዋጋ የለውም፦ ምሬቱ ከናናው ነው ወይስ ከሽሮፑ ብሎ ለማወቅ ሽሮፑን በስድስት እጥፍ ውሃ በጥብጣችሁ ለብቻው ቅመሱ። ያ መራራ ከሆነ ነጩ የሎሚ ልጣጭ ገብቷል ወይም አበባው ከሁለት ቀን በላይ ተዘፍዝፏል። የበጠበጣችሁት ምንም የማይሸት ከሆነ አበባው ታጥቧል፣ ዝናብ መቶታል ወይም ትኩስ ውሃ ነክቶታል፤ ይህ ደግሞ አይጠገንም፣ ለሎሚናት ይሁን።

አልኮል ለማይጠጣ፣ አበባውም ለማይገኝበት

30 ሚሊ ሊትር ሽሮፕ፣ 10 ሚሊ ሊትር የአረንጓዴ ሎሚ ጭማቂ፣ 180 ሚሊ ሊትር ጋዝ ያለው ውሃ፣ ናናና በረዶ። አሠራሩ ያው ነው። እዚህ ላይ ጭማቂው የግድ ነው፤ የወይኑ ኮምጣጣነት ስለሌለ ያለሱ ድፍን ስኳር ይሆናል። ባሕረ ሰላጤ አገሮች ያሉ ወገኖች የሚሠሩት ይህንኑ ነው የሚሆነው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ደረቅ የሆሉንደር አበባ ከአውሮፓ በመንገደኛ ማስላክ ቀላል ነው፤ ጀርመን ውስጥ በሻይ መልክ በፋርማሲ ይሸጣል። በ25 ዘለላው ፋንታ 40 ግራም ደረቅ አበባ ይበቃል፣ የቀረው መጠን አይለወጥም። ደረቁ የጠፋበትን ለማካካስ ስኳር ውሃው 60 ዲግሪ ያህል ሲሆን አፍስሱበትና በ12 ሰዓት አጥልሉት። አምቦ ውሃ የምትጠቀሙ ከሆነ ማዕድኑ ጎላ ስለሚል መጠኑን ከ40 ወደ 30 ሚሊ ሊትር አውርዱ። ፕሮሴኮ ከሌለ ስኳር የሌለው ነጭ ወይንና አምቦ እኩል በእኩል፣ 80 በ80 አድርጉት፤ ኦስትሪያዎች ወይንን በጋዝ ውሃ እኩል እየቀላቀሉ መጠጣት የለመዱት ከሁጎ ብዙ ቀድሞ ነው።

ከአበባ መሸጫ የተገዛ ጽጌረዳ ግን በምንም መንገድ አይተካውም። ለእቅፍ የሚመረት አበባ ለምግብ ያልተፈቀደ ፀረ ተባይ ይረጭበታል፤ በማጠብም አይለቅም። ቀይ የአበባ መጠጥ ከፈለጋችሁ ከርከዴ አለ፦ 30 ግራም ደረቅ ከርከዴ በ500 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ ለ20 ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ አጥልሉ፣ 400 ግራም ስኳር አሟሙበት። ከርከዴ ራሱ ኮምጣጣ ስለሆነ ሲትሪክ አሲድ አይገባበትም፣ ከሆሉንደሩ በተለየም ሙቀት አይጎዳውም። ለአንድ ብርጭቆ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል።